የተውሶ አፍ

ጋሪው ዳገቱን ሲጀምር አጣቢዋ ወረደች፤ ከወረደችም በኋላ ተመልሼ አልወጣም አለች። ለበቅሎው አዝና አይደለም። ጋሪው ላይ የተቀመጡት ሁለቱ፣ ምራቷና የልጇ ባልንጀራ የሆነው ጋሪ ነጂ፣ ከከተማው መውጫ ጀምሮ ስለ እሷ በእሷው ፊት እንደ ሬሳ ሲያወሩባት ስለሰለቻት ነው።

«አስተርጓሚውን ቀድመን ብንለምነው አይሻልም ነበር?» ይላል ጋሪ ነጂው።

«እሱማ ይሻል ነበር» ትላለች ምራቷ። «እሳቸው ግን እኔው ራሴ እናገራለሁ አሉ።»

«በእነሱ ቋንቋ?»

«በእነሱ ቋንቋ።»

ጋሪ ነጂው አላላገጠም፤ ቢያላግጥ ይሻል ነበር። ከንፈሩን መጠጠ። አጣቢዋን ከጋሪው ያወረዳት ያ ከንፈር መምጠጥ ነው። አሮጊት ስትታመም ከንፈር ይመጠጥላታል፣ ስትሞት ይመጠጥላታል፤ ስትማርም ይመጠጥላታል እንዴ? ጡረተኛው ጸሐፊ ደግሞ «የደረቀ ቆዳ ውሃ ቢነክሩት ይሸታል እንጂ አይለሰልስም» ብሏታል፤ ያውም ልብሱን በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ። ሳሙና ሻጩ «እማማ፣ የራስዎን ቋንቋ መቼ ጨረሱትና?» ብሏታል። ይህንኛውን እንኳ አልተቀየመችም፤ እውነት ነበረበት፤ የራሷን ቋንቋ ስድቡን ገና አልጨረሰችውም። ያንገበገባት ሌላ ነው። ያ ሁሉ አፍ አይሆንልሽም ሲል «ታዲያ ለልጅሽ ማን ይናገርለት?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

«እማዬ፣ ይውጡ እንጂ፤ እግርዎ ያብጣል!»

«አታናግሪኝ! ይጠፋብኛል!»

ጠፋባትም። ጸሐፊው ያስጠናት ልመና፣ «ከፀሐይ በታች ከፍ ከፍ ያሉ ጌታዬ፣ እኔ ከጫማዎ ትቢያ የማንስ» እያለ በባዕዱ ቋንቋ የሚወርደው፣ መሃሉ ላይ ተበጠሰባት። ከተበጠሰ ደግሞ ከመሃል አይቀጠልም፤ ከፀሐዩ መጀመር አለበት። ከፀሐዩ ጀመረች። በቅሎው አስነጠሰ። እንደገና ከፀሐዩ።

ከዳገቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል ላየ ወንዙ ጎድሏል። ክረምቱን ሙሉ ተደብቆ የከረመው የመሻገሪያው ድንጋይ ጀርባውን አውጥቷል። ዘንድሮ ዝናብ ሲዘንብ ደስ ያላት አጣቢ ብትኖር እሷ ብቻ ናት። ያጠበችው ሁሉ ሻግቶባት፣ ደንበኛ ሁሉ ጮሆባት፣ እሷ ግን ጣራው በተንኳኳ ቁጥር «እሰይ፣ አውርደው!» ትል ነበር። ወንዙ ካልጎደለ እስረኞቹ ወደ ጨው ጉድጓዱ አይነዱማ። ልጇ ከእነሱ ጋር ነው። ከጨው ጉድጓድ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው፤ ሰውየው ቢመለስም ዓይኑ አይመለስም ይባላል። ትናንት ከባዕዳኑ ምሽግ ታወጀ፤ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከበሮ ሲመታ ይነዳሉ። በምሽጉ ሕግ ደግሞ የእስረኛ ዘመድ ለምሽጉ አዛዥ ለሻለቃው አንድ ቃል መናገር የሚፈቀድለት በዚያው በሚነዱበት ጠዋት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ቢጮኽ የሚሰማ የለም፤ ከዚያ በኋላ ቢጮኽ የሚሰማው ወንዙ ነው።

የልጇ ጥፋት የተባለው ይህ ነበር። በክረምቱ መግቢያ የምሽጉን የገብስ ጆንያ በጋሪው ጭኖ ወንዙን ሲሻገር ደራሽ ውሃ መጣበት። ጋሪው ተንጋደደና አጃቢው ወታደር ከመንኰራኩሩ ሥር ገባ። ልጇ የጭነቱን ገመድ በቢላ ቆረጠ፤ ጆንያው ሁሉ ውሃ ውስጥ ወረደ፤ ጋሪው ቀለለ፤ ወታደሩንም በአንገትጌው ጎትቶ አወጣው። ወታደሩ እግሩ ተሰብሮ፣ ራሱን ስቶ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ሌላ ከተማ ሐኪም ቤት ተላከ። ጆንያው የለም። ልጇ ገብሱን ሸጦታል ተብሎ ታሰረ።

ችሎት የቀረበ ቀን እሷ በሩ ላይ ነበረች። ልጇ ሲናገር የልብስ ማስጫ ገመድ ያህል ረዘመ። እጁን አወራጨ፤ መንኰራኩሩን አሳየ፣ ውሃውን አሳየ፣ የሰውየውን ጩኸት ሳይቀር ጮኸ። አስተርጓሚው እስኪጨርስ ጠበቀውና ወደ ሻለቃው ዞሮ አንዲት የልብስ መቆንጠጫ የምታህል ነገር ተናገረ። ሻለቃው ራሱን ነቀነቀ። በቃ።

«ያን ሁሉ ሲነግርህ አንተ ምን አልክለት?» ብላ እጀጌውን ያዘችው።

«ዋናውን ብያለሁ፣ እማማ። ጆንያውን የጣልኩት እኔ ነኝ ይላል፣ ብያለሁ።»

ውሸት አይደለም። የከፋው ይሄ ነው፤ ውሸት ቢሆን አንገቱን ታንቀው ነበር። አስተርጓሚው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ሻለቃው ረጅም ነገር ሲሰማ ያዛጋል፣ ካዛጋ ይቆጣል፣ ከተቆጣ አስተርጓሚ ይለውጣል። ስለዚህ ሰውየው ያሳጥራል። የሰው ነፍስ ግን ሱሪ ናት እንዴ ከታች የምታጥር!

ያን ዕለት ማለች። የተውሶ አፍ አልፈልግም አለች።

መጀመሪያ የሄደችው ጸሐፊው ዘንድ ነው። አስተማራት፤ አይካድም፤ እሷም ልብሱን አጠበችለት። ራስ እንዲህ ይባላል፣ አፍንጫ እንዲህ፣ ጣሪያ እንዲህ፣ ዝሆን እንዲህ። ዝሆን! ዝሆን ምን አድርጓታል? ስም በስም ላይ ከመረች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ወታደር አስቁሞ ሲያናግራት አፏን ከፈተች፤ የወጣላት «ጣሪያ» ብቻ ነው። ወታደሩ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። እያለቀሰች ቤቷ ገባች፤ በማግስቱ ጸሐፊውን «የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ነው የሰጠኸኝ፤ ክሩስ? በምኑ ልተክለው?» አለችው። እሱም ተቀይሞ ትምህርቱን ተወና ያንን የፀሐይ ልመና እንደ ድግምት አስይዞ አሰናበታት።

ክሩን ያገኘችው ከሻለቃው መኖሪያ ማጠቢያ ክፍል ነው። የቤቱ አዛዥ ከሻለቃው ጋር ከአገሩ የመጣች ረጅም ሴት ናት፤ ቁልፍ ከወገቧ አይለይም፤ ወታደሩ ሁሉ በሌለችበት «ጅራፏ» ይላታል፣ ባለችበት ደግሞ ልብሱን ያስተካክላል። አጣቢዋ እዚያ ተቀጠረች። አንሶላ እንደምታውቁት ለብቻ አይታጠፍም፤ በአንዱ ወገን ጅራፏ፣ በሌላው ወገን እሷ። «ያዢ! ሳቢ! ወደ እኔ! አታርጥቢው! ዘርጊው!» ቃሉ ከእጅ ጋር ይመጣል። ከእጅ ጋር የመጣ ቃል ደግሞ አይጠፋም፤ እጅ ያስታውሰዋል። ጸሐፊው ዘንድ ስትማር ማታ የያዘችው ጠዋት ይበን ነበር፤ እዚህ ግን አንሶላ በያዘች ቁጥር ቃሉ ራሱ ወደ አፏ ይመጣል።

ከማጠቢያ ክፍሉ ደፍ ወዲያ የራሷን ቋንቋ ላትናገር ለራሷ ቃል ገባች። ቃል ሲጠፋት ዕቃውን አንስታ ትቆማለች፤ ስሙ ሳይነገራት አታስቀምጥም። አንድ ቀን የጋለ የከሰል ካውያ አንስታ ቆማ፣ ጅራፏም እልኸኛ ሆና፣ ክንዷ ሊገነጠል ነበር።

ጅራፏ ወሬ አትወድም፤ ማስተማርማ ጭራሽ። ነገር ግን አንድ ደዌ አለባት፤ ስህተት ሰምታ ማለፍ አትችልም፤ ጠማማ ስፌት አይታ እንደማታልፈው ሁሉ ያማታል። አጣቢዋ ይህን ደረሰችበት። ከዚያ ወዲያ እያወቀች ትሳሳት ጀመር።

«ውሃው ተርቧል» ትላለች ገንዳው ላይ አጎንብሳ።

«ሞቋል!» ትላለች ጅራፏ ጥርሷን ነክሳ። «ውሃ አይራብም! ሞቋል!»

«ሞቋል» ትላለች አጣቢዋ እንደ በግ። በማግስቱ የሞቀውን በትክክል ትናገርና ሌላ ታበላሻለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ያቺን ሴት አንድ ቀን እንኳ ሳትለምናት፣ በንዴቷ ብቻ ቋንቋዋን አራገፈቻት። ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የዋለችበትን ሁሉ ለገንዳዋ ትተርክለታለች፤ «ዛሬ ትራስ አጠብኩ። ትራሱ ወፍራም ነው። የሚተኛበትም ሰው ወፍራም ነው።» ምራቷ በሩ ሥር ተደግፋ ታለቅሳለች፤ አማቴ ለየላት ብላ።

አንድ ጊዜ ብቻ የልጇን ነገር ለጅራፏ ጀመረችላት። ጅራፏ አንሶላውን ዘርግታ «የምሽግ ነገር የማጠቢያ ቤት ነገር አይደለም። ሳቢ» አለቻት። ዓይኗን ግን ከአንሶላው አላነሳችም። አጣቢዋ ሳበች።

ዛሬ ታዲያ ችግሯ ይህ ነው። በአንደኛው ቋንቋዋ፣ በጸሐፊው፣ ጌታዬ ማለት ትችላለች፤ ግን የሚናገረው ጸሐፊው እንጂ እሷ አይደለችም፤ አንዲት ቃል ብትነሳባት ትወድቃለች። በሁለተኛው፣ በጅራፏ ቋንቋ፣ ሰው ጠይቋት ትመልሳለች፤ ግን ያ ቋንቋ የራሰና የደረቀ፣ የቆሸሸና የጸዳ፣ የከበደና የተቀደደ ብቻ ነው ያለው። ፍትሕ የሚል ቃል ማጠቢያ ቤት ውስጥ ማን ይጠራል? በዚህ አፍ ሻለቃ ፊት ይቆማል? የለም፣ የጸሐፊው ይሻላል አለች። ከፀሐይ በታች ከፍ ከፍ ያሉ ጌታዬ።

የምሽጉ በር ላይ ዘቡ ጠመንጃውን አጋድሞ አስቆማቸው። የሆነ ነገር ተናገረ። ምራቷ ወደ ጋሪ ነጂው አየች፤ ጋሪ ነጂው ወደ በቅሎው። አጣቢዋ ገብቷታል፤ «ሻለቃው ቸኩሏል፣ አይገባም፣ ተመለሱ» ነው የሚለው። ብትመልስለት ልመናው ይበተናል፤ ባትመልስለት በሩ አይከፈትም። ከውስጥ ሰንሰለት ተንኳኳ። በጠመንጃውና በግንቡ መካከል አሻግራ አየች፤ እስረኞቹ በአንድ ሰንሰለት እየተያያዙ ነው። የልጇን ትከሻ ከኋላው አወቀችው። ከስቷል፤ ሸሚዙን ሌላ ሰው የለበሰው ይመስላል።

ፀሐዩም ከፍ ከፍ ያለውም በአንድ ጊዜ በነነ።

«ጫማህ ጭቃ ነው!» አለች በዘቡ ቋንቋ፤ ድምፁ የእሷም አልነበረም፤ የጅራፏ ነው፣ ከነቁጣው፣ ከነአፍንጫው። «ከደፉ ላይ ውረድ! በሩን ክፈት፣ እጄ ሙሉ ነው!»

እጇ ባዶ ነበር። ግን አባባሉን የያዘችው እንደዚያው ሙሉውን ነው። ዘቡ በደመ ነፍስ ዘሎ ወረደና ጫማውን አየ። ቀና ሲል ሦስቱም ገብተዋል።

«እማዬ፣ ምን አሉት?» ምራቷ ነጠላ ጫማዋ ሊወልቅ እየደረሰ ትከተላለች።

«ጫማህ ቆሽሿል አልኩት።»

«ለዘብ?!»

«ቆሽሿላ!»

ሻለቃው ከግቢው በላይ ባለው ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። ፊቱ ላይ ያልጠገበው እንቅልፍ አለ። አስተርጓሚው አጣቢዋን ሲያያት ደንግጦ ቀረባትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ዛሬ ቸኩሏል። የሚሉትን ለእኔ ይንገሩኝ፣ እኔ እልልዎታለሁ።»

«አንተ ከዚህ በፊት ብለህልኛል» አለችውና አልፋው ሄደች።

ሻለቃው ፊት ቆመች፤ ልመናውን ከፀሐዩ ጀመረች። ፀሐዩን አለፈች። ትቢያውን አለፈች። ሻለቃው ግን እጁን አነሳና ጠየቃት፦ «የየትኛው እናት ነሽ?»

ገባት። ወለል ብሎ ገባት! መልሱንም ታውቀዋለች፤ ግን አፏ ውስጥ ትቢያው አለ። ለመመለስ ትቢያውን መጣል አለባት፤ ከጣለችው አታገኘውም። ከዚያ የባሰውን አደረገች፤ እንደገና ከፀሐዩ ጀመረች። ሻለቃው አዛጋ።

ያኔ አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ ጣልቃ ገባና አንዲት ነገር ተናገረ። አጭር። እንደዚያኛው ቀን መቆንጠጫ የምታህል። ልዩነቱ ዛሬ አጣቢዋ ሰምታዋለች፦ «ለልጇ ምሕረት ትለምናለች።»

ምሕረትን ጸሐፊው አስተምሯታል፤ ከዝሆን ቀጥሎ። ደሟ ፈላ። ምሕረት የሚለመነው ለበደለ ነው። ልጇ ምን በድሎ?

«አይደለም!» አለች። «እሱ ሌላ ይላል። እኔ ሌላ እላለሁ። እሱ ያሳጥራል።»

«እማማ፣ እባክዎ...» አለ አስተርጓሚው በራሷ ቋንቋ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «የልጆች አባት ነኝ።»

«እኔስ ድንጋይ ነው የወለድኩት?» አለችው በዚያው ቋንቋ። ወደ ሻለቃው ዞረች። ከአፏ ትቢያው ወድቋል፤ የቀራት የማጠቢያ ቤቱ ነው። ባዶ እጇን አንሶላ እንደያዘ ሰው ዘረጋች።

«ጋሪ ከባድ። ውሃ መጣ፣ ብዙ ውሃ፣ ቆሻሻ ውሃ። ወታደርህ ታች ነው። መንኰራኩር ላዩ ላይ ነው። ልጄ ገመድ ቆረጠ። ጆንያ ሄደ። ጋሪ ቀለለ። ልጄ ሳበ። ወታደር ወጣ፣ ርሷል።»

ሻለቃው ጓንቱን ማጥለቅ አቆመ። የሆነ ነገር ጠየቃት፤ ፈጣን፣ ረጅም፣ እንደ ጎርፍ። አንዲት ቃል አልያዘችም። ከውጭ ሰንሰለቱ ተጎተተ። አስተርጓሚው አፉን ሲከፍት አየችው፤ ከከፈተ ሁሉ ነገር እንደገና መቆንጠጫ ሊያህል ነው።

«አንተ ዝም!» አለችው። ለሻለቃው ደግሞ፦ «ቀስ በል። እንደገና። ለእኔ።»

ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ «እባክዎ» የሚባል ነገር አልሰማችም፤ ስለዚህ አላለችም። ከግድግዳው ሥር የቆመ አንድ መቶ አለቃ ሳሉን ዋጠ። ሻለቃውን በቤቱ እንዲህ የምታናግረው ጅራፏ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ሲሰማ ነው የኖረው። ቃሉን እየነጣጠለ ደገመላት።

«የትኛው ወታደር?»

«ፀጉሩ ቀይ። እግሩ...» ቃሉ የለም። ፈለገችው፤ የለም። በአጠገቡ ያለውን አነሳች። «እግሩ ተቀደደ።»

«ተሰበረ» አለ ሻለቃው፤ ሳያስበው።

«ተሰበረ» አለች እሷ።

ሻለቃው ወደ መቶ አለቃው ዞሮ አነጋገረው። አሁን ፍጥነቱ ሲያልፋት ግድ አልሰጣትም፤ የምታውቀውን ብቻ ትለቅማለች፤ «ቀይ»፣ «ውሃ»፣ «ማን አወጣው»። መቶ አለቃው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ማን እንዳወጣው የጠየቀ የለም። ሻለቃው ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። አስተርጓሚውን አየው፤ አስተርጓሚው መሬቱን አየ። ከዚያ ሻለቃው ቀስ ብሎ፣ ለእሷ፣ በሚገባት መጠን ተናገረ፦

«ልጅሽ ዛሬ አይሄድም። ወታደሩ ይጠየቃል። እውነት ከሆነ ይፈታል።»

ገባት። አንዲት ቃል ሳትቀር ገባት። ምራቷ ከኋላዋ «ምን አለ? እማዬ፣ ምን አለ?» እያለች ቀሚሷን ትጎትታለች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

ከውጭ ከበሮው ተመታ።

አስተርጓሚው ላቡን ጠረገና እፎይ ባለ ድምፅ «እንኳን ደስ አለዎት፣ እማማ» አላት። «እኔ ወርጄ እስረኞቹን ለሚነዳው አሥር አለቃ እነግረዋለሁ፤ እርስዎ ይቀመጡ።» ወደ በሩ ተራመደ። ሻለቃውም ነገሩ እንዳለቀ ቆጥሮ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። በመስኮቱ የመጀመሪያው እስረኛ ወደ በሩ ሲንቀሳቀስ፣ ሰንሰለቱም ቀጣዩን ሲስብ ታየ።

አጣቢዋ ቀድማ በሩ ላይ ደረሰችና ሁለት እጇን በመቃኑ ላይ ዘርግታ መንገዱን ዘጋችው። አስተርጓሚውን አላየችውም። በትከሻው ላይ አሻግራ ሻለቃውን አየች።

«እሱ አይደለም» አለች በሻለቃው ቋንቋ። «አንተ ተነሳ። ወደ ግቢው ና። ያልከኝን ለአሥር አለቃው አንተ ንገረው፣ ሙሉውን። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።»